የሰው ጭንቀት እየሰማችሁ ራሳችሁን ላለመጨረስ፦ ከስልኩ በፊት፣ ስልኩ ላይ፣ ከስልኩ በኋላ

ይሄ መመሪያ ቤተሰቡም ጓደኛውም የሥራ ባልደረባውም "አንዴ ላማክርሽ" እያለ ሚደውልላት፣ ስልኩ ላይ ስሙን ስታይ ሆዷ ቡጭ ሚል፣ ግን አንስታ "ወዬ የኔ ቆንጆ" ምትል ሰው ነው ሚመለከተው። ወንዶችም አላችሁ፣ እናንተ ጋር ብዙ ጊዜ ሚመጣው በብር በኩል ስለሆነ ሌላ ነገር ይመስላችኋል እንጂ ያው ነው።

ብዙ ሰው "ድንበር አብጂ" ተብሎ ተመክሮ፣ ሞክሮ፣ አልሆነለትም። ያልሆነለት እምቢ ማለት ስለማይችል አይደለም፣ እምቢ ሚለው ባልሆነ ሰዓት ስለሆነ ነው። ስድስት ወር ሙሉ እሺ እሺ ይላል፣ ከዛ አንድ ቀን ሰውየው እያለቀሰ ባለበት ይፈነዳበታል ወይ ብሎክ ያደርገዋል፣ ከዛ ደግሞ ይጸጸትና ይቅርታ ይጠይቃል፣ ለይቅርታው ማካካሻ ብሎ ከበፊቱ የባሰ እሺ ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይዞራል። ስለዚህ ሁሉም ደረጃ ላይ ሚሠራው ሕግ ይሄ ነው፦ ገደቡን ምትወስኑት ሰው ሳይደውል በፊት፣ ብቻችሁን፣ ረጋ ባላችሁበት ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ የወሰናችሁትን መናገር ብቻ ነው ሚቀራችሁ።

ዝግጅት (አንድ ሳምንት)

በዚህ ሳምንት ምንም ነገር አትቀይሩ። እንደ ድሮው አንሱ፣ ስሙ፣ ግን ጻፉ።

ሀ. ማታ ማታ የጥሪ ዝርዝራችሁን ክፈቱ፣ የቴሌግራምና የዋትሳፕ ቮይሱንም ጨምሩ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ፈልጎ ነበር (ጆሮ፣ ብር፣ መላላክ፣ ማስታረቅ)፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ከዘጋችሁ በኋላ ምን ሆናችሁ። ሦስተኛውን አትዝለሉ። "አንጀቴን በላችኝ" እና "ደክሞኝ ወደቅኩ" አንድ አይደሉም፤ አንዷ አርባ ደቂቃ አልቅሳባችሁ እናንተ ቀለል ብሏችሁ እራት ትሠራላችሁ፣ ሌላው አሥር ደቂቃ አውርቷችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ ታድራላችሁ። ገደብ ሚያስፈልገው ሁለተኛው ጋር ነው፣ ብዙ ሰው ግን ብዙ ምታለቅሰውን መቀነስ ይጀምራል።

ለ. አንድ ሰው ብቻ ምረጡ። እናታችሁን አይደለም። አሁን ከባድ ችግር ውስጥ ያለውንም አይደለም። ብትሳሳቱ ሚያልፋችሁ፣ መሃል ላይ ያለ ሰው።

ሐ. ሦስት ነገር ወስናችሁ በቁጥር ጻፉ። ከስንት ሰዓት በኋላ ስልክ አታነሱም? አንድ ጥሪ ቢበዛ ስንት ደቂቃ? በወር ለሰው ምታወጡት ብር ስንት ነው? "ትንሽ ቀነስ አደርጋለሁ" ሚባል ውሳኔ የለም፣ የመጀመሪያዋ ለቅሶ ጋር ነው ሚቀልጠው። ብሩን የወሩ መጀመሪያ ላይ ከኪራይና ከአስቤዛ ለዩት፣ ውጭ ያላችሁ ደግሞ አገር ቤት ምትልኩትንም እዛው ውስጥ ቁጠሩት፣ ሲያልቅ አለቀ ማለት ነው። ብድርን በተመለከተ የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ባይመለስ ማትቀየሙበትን ያህል ብቻ ስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማንም አታውጁ። "ከዛሬ ጀምሮ ራሴን አስቀድማለሁ" ምትል ስታተስ ከለጠፋችሁ ዘመድ ሁሉ እኔን ነው ብሎ ሊደውል ነው፣ እና ልትለማመዱት ያሰባችሁት ነገር ገና ሳይጀመር ክርክር ሆነ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን መጀመሪያ ላይ ተናገሩ

ስታነሱ፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ወሬው ሳይጀመር፦ "እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ነጻ ነኝ፣ ንገሪኝ።" በቃ። ይቺው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከመጣች "ልሂድ፣ ሰልችቶኛል" ትመስላለች፣ መጀመሪያ ላይ ከመጣች ግን ጊዜ እንደሰጣችኋት ነው ምትሰማው።

ማንሳት ካልቻላችሁ ዝም ብሎ እንዲጠራ አትተዉት። ጻፉ፦ "አይቼዋለሁ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ 12 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አስቸኳይ ከሆነ 'አስቸኳይ' ብለህ ጻፍልኝ።" ከዛ 12 ሰዓት ላይ ደውሉ። 12 ከሩብ አይደለም። በቀጠራችሁት ሰዓት ሁለት ሦስቴ ከደወላችሁ ሰውየው በየመሃሉ መደወሉን ራሱ ይተወዋል፣ አንዴ ከቀራችሁ ግን ሚስድ ኮሉ አሥራ ምናምን ሆኖ ይመጣል።

ከረሳችሁት፦ ሃያ ደቂቃ ካወራችሁ በኋላ ትዝ ካላችሁ "በር ተንኳኳ" ምናምን አትበሉ። "አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ፣ ዋናውን ንገሪኝ" በሉ፣ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ምን እንደፈለገ ጠይቁ

"እንዲሁ ልስማሽ ወይስ ምን ላድርግ ብለሽ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቻችን ምክር ሳንጠየቅ መምከር እንወዳለን፣ ከዛ ሰውየው ምክሩን ሳይሠራበት ሲቀር እንበሳጫለን። ብዙ ሰው እንዲሁ እንዲሰሙት ነው ሚፈልገው፣ እና እንዲሁ መስማት ከመምከር በጣም ያነሰ ነው ሚያደክመው።

"አላውቅም፣ ጨንቆኝ ነው" ካለቻችሁ እንዲሁ ስሙ።

ደረጃ 3፦ ስትሰሙ ራሳችሁን ታሪኩ ውስጥ አታስገቡ

እዚህ ጋ ነው ሰው ሚሰምጠው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ጓደኛችሁ ስለ እናቷ ካንሰር እየነገረቻችሁ ነው እንበል። ሳታውቁት ጭንቅላታችሁ አልጋው ላይ የራሳችሁን እናት ያስተኛል። ከዛ በኋላ ምትሰሙት እሷን አይደለም፣ የራሳችሁን ፍርሃት ነው። ዳንኤል ባትሰን ሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይሄን ለይተው አይተውታል፦ "እኔ ብሆን ምን ይሰማኝ ነበር" ብለው የሰሙ ሰዎችም "እሷ ምን እየተሰማት ነው" ብለው የሰሙ ሰዎችም ሁለቱም አዝነዋል፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ላይ የራሳቸው ጭንቀት ተጨምሮበታል። ማለትም ለማዘን የግድ በሷ ቦታ መተኛት የለባችሁም።

እንዴት ይደረጋል፦

1. አልጋ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ አትስሙ። ተቀመጡ፣ እግራችሁ መሬት ይንካ፣ ወይ ግቢ ውስጥ እየተራመዳችሁ አውሩ።

2. አየር ስታስወጡ ስታስገቡ ከወሰደባችሁ በላይ አርዝሙት። አምስት ስድስት ጊዜ። ማንም አይሰማችሁም።

3. የራሳችሁ ሰው ፊት ከመጣባችሁ ስለሷ ትንሽና ተጨባጭ ጥያቄ ጠይቁ። "ዛሬ ምግብ ቀመሰች? ማታ ማነው አብሯት ሚያድረው? አንቺስ ከጠዋት ጀምሮ ምን በላሽ?" ጥያቄው ወደ እሷ ቤት ይመልሳችኋል፣ ለሷም ደግሞ ከ"አይዞሽ" በላይ ይጠቅማታል።

4. ሁለት ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ፦ "ለኔ ተይው" እና "በፈለግሽው ሰዓት ደውይ"። የመጀመሪያዋ ችግሩን በስማችሁ ታዛውረዋለች። ሁለተኛዋን ስትሉ ከልባችሁ ነው፣ ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮህ ግን ከልባችሁ አይሆንም፣ ጥፋቱም የሷ አይደለም፣ ብላችኋታላ። "አለሁ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ እንነጋገራለን" በሉ።

ደረጃ 4፦ ጥያቄ ሲመጣ እዛው አትመልሱ

ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሚመጣው ልትዘጉ ስትሉ ነው። "ኧረ ላስቸግርህ አልፈልግም፣ ግን ሌላ ሰው ስለሌለኝ..." ከዚህ በኋላ ሚመጣው ብር ነው፣ ወይ "እሱን አናግሪልኝ" ነው፣ ወይ ቤታችሁ ትንሽ ጊዜ ልቀመጥ ነው።

መልሳችሁ ሁሌም አንድ ይሁን፦ "ሰምቼሃለሁ። አሁን እሺም እምቢም አልልህም፣ ነገ ማታ እነግርሃለሁ።"

"ዛሬ ካልሆነ አይሆንም" ካላችሁ ሁለት ዓይነት ነው። ሕክምና ከሆነ የትኛው ሆስፒታል፣ ማን ተኝቶ፣ ስንት ተጠየቀ ብላችሁ ጠይቁና ከቻላችሁ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ክፈሉ። ሌላው ከሆነ ደግሞ፦ "የግድ ዛሬ ከሆነ መልሴ አልችልም ነው። ነገ ብትጠብቀኝ ግን አስቤ እነግርሃለሁ።" ድምጻችሁን ከፍ አታድርጉ። አብዛኛው ይጠብቃል።

ደረጃ 5፦ እምቢ ስትሉ በዚህ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ የሰማችሁትን፣ ቀጥሎ ማትችሉትን፣ መጨረሻ ላይ ምትችሉትን። ምትችሉት ነገር ከሌለ ሦስተኛውን ተዉት፣ አትፍጠሩ።

ለአክስት ልጅ፣ የቤት ኪራይ፦ "ኪራዩ እንዳስጨነቀህ ገብቶኛል። በዚህ ወር ለሰው ማወጣውን ጨርሻለሁ፣ አልጨምርም። ቅዳሜ ግን መጥቼ አከራይህን አብረን እናናግራቸው፣ ሁለት ሳምንት ይታገሱህ ይሆናል።"

በየቀኑ ስለ አለቃዋ ምታወራ ባልደረባ፦ "ሰውየው እንዳማረረሽ አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ስለሱ ካወራን ከሰዓት መሥራት ያቅተኛል። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።"

ከምራታቸው ጋር ተጣልተው እናንተን መልእክተኛ ላደረጉ ትልቅ ሰው፦ "እትዬ፣ እንዳዘኑ አይቻለሁ። እኔ ግን ከእርስዎ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እርስዎ ወሬ ማመላለስ አልችልም፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችሁንም አጣለሁ። ሽማግሌ ይግባበት፣ ቡናውን አፍልቼ እኔም እገኛለሁ።" ለትልቅ ሰው "አልችልም" ማለት ነውር ሚሆነው አነጋገሩ ሲበላሽ ነው እንጂ ቃሉ በራሱ ነውር የለውም።

አታድርጉ፦

ውሸት። "ብር የለኝም" ብላችሁ በሳምንቱ ሰርግ ላይ ምትጨፍሩበት ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። "አላወጣም" እና "የለኝም" ይለያያሉ፣ እውነተኛውን ምረጡ።

ምክንያት መደርደር። መኪናው ተበላሽቶ፣ ልጁ አሞት፣ ታክሱ መጥቶ... እያንዳንዷን ምክንያት ሰውየው ሊፈታላችሁ ይሞክራል፣ "ታክሱን እኮ በሚቀጥለው ወር ትከፍላለህ።"

ረጅም ቴክስት። ስክሪንሹት ተደርጎ ዘመድ ጋር ሲዞር ታገኙታላችሁ። በድምጽ ተናገሩ፣ አጭር ይሁን።

ደረጃ 6፦ ከዘጋችሁ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

ጸጸት ይመጣል። ይመጣል ብላችሁ ጠብቁት። ጸጸት ስለመጣ ብቻ ጥፋት አጥፍታችኋል ማለት አይደለም፣ ሕይወታችሁን ሙሉ እሺ ስትሉ ከኖራችሁ የመጀመሪያው እምቢ ሁሌም ኃጢአት የሠራችሁ ነው ሚያስመስላችሁ።

በዚህ ሰዓት ውስጥ መልሳችሁ አትደውሉ፣ ቮይስ አትላኩ፣ ብር አትላኩ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ እጃችሁን ሚይዝ ሥራ ሥሩ፣ ሽንኩርት ክተፉ፣ ልብስ እጠቡ። ከሰዓቱ በኋላ አሁንም ውሳኔው ልክ ካልመሰላችሁ ነገ መቀየር ትችላላችሁ፣ ማንም አልከለከላችሁም።

አንድ ነገር ግን፦ የሰማችሁትን ለማቅለል ብላችሁ ለሦስተኛ ሰው አትዘርግፉት። የሰው ገመና እጃችሁ ላይ ነው። ማውራት ካለባችሁ ስለራሳችሁ አውሩ፣ "ዛሬ ከባድ ነገር ሰምቼ ደክሞኛል" በቂ ነው፣ ማን፣ ምን ሚለው አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ኩርፊያውን ጠብቁት

ሰውየው መጀመሪያ ይገረማል፣ ከዛ ጠንከር አድርጎ ይሞክራል፣ ከዛ በሰው ይልካል። "እገሊት አዝናብሻለች፣ ምን ሆነሽ ነው? ተቀየርሽ አሉ።" ውጭ ያላችሁ ደግሞ "ፈረንጅ ሆነች" ትባላላችሁ። ከራስ በላይ ነፋስም ይመጣል።

ለተላከው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መልሱ፦ "እወዳታለሁ፣ የነገርኳትን ነግሬያታለሁ፣ እሁድ እደውልላታለሁ።" ከዛ ወሬውን ቀይሩ። ለአማላጅ ማስረዳት ከጀመራችሁ ጉዳዩ የሰፈር ጉዳይ ሆነ በቃ።

አሁን በጣም ወሳኙ ነገር። ገደብ ስታበጁ ለቅሶ፣ ሕመምና ዓውደ ዓመት ላይ እንዳትቀሩ። እኔ እንዳየሁት ሰው ብር ስለከለከላችሁት ከሚቀየመው በላይ አባቱ ሞቶ ስላልመጣችሁ ነው ሚቀየመው፣ እና እውነቱን ነው። በወር አሥራ አምስት ጥሪ ያነሳ የነበረ ሰው ወደ አራት ዝቅ አድርጎት፣ ለቅሶ ላይ ግን ቀድሞ ከተገኘ ማንም "ጀርባ ሰጠኝ" አይለውም።

ለቅሶ ቤቱ ራሱ ከከበዳችሁ (በተለይ የራሳችሁ ሐዘን ገና ካልደረቀ) መቅረት አይደለም መፍትሄው። ከሰው ጋር ሂዱ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ አንድ ሰዓት ቆዩ፣ ጓዳ ገብታችሁ ሥራውን ሁሉ አትጠቅልሉ፣ ዕድሩ ያዘጋጃል። ከዛ በሠልስቱ ወይ ሰው ሲበተን፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ለአጭር ጊዜ ተመለሱ። አሥር ደቂቃ ብትሆንም ያኔ ነው ምትታወሰው።

ሲበላሽ

*ሰዓቱ አልቋል፣ እሷ ግን እያለቀሰች ነው።* አንድ ጊዜ ብቻ አሥር ደቂቃ ጨምሩ፣ መጨመራችሁንም ንገሯት። ከዛ፦ "ዛሬ ማታ ማን አለ አጠገብሽ? እስኪ እሷን ጥሪያት። እኔ ነገ 12 ሰዓት እደውላለሁ።"

*ቸኩዬ እሺ ብያለሁ።* በ24 ሰዓት ውስጥ መልሱት። "ትናንት ቸኩዬ ነው እሺ ያልኩህ፣ አልችልም። ሌላ መንገድ እንድትፈልግ ሳይመሽ ልንገርህ ብዬ ነው።" ከቆየ ግን፣ ሰውየው በናንተ ተማምኖ ሌላውን ትቶ ከሆነ፣ ቃላችሁን ፈጽሙና ከሚቀጥለው ጀምሩ።

*ጮህኩባት።* ለጩኸቱ ይቅርታ ጠይቁ፣ ለገደቡ አትጠይቁ። "የጮህኩት ልክ አይደለም፣ ይቅርታ። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን አሁንም አላነሳም።"

*እየሰማሁ ምንም አይሰማኝም፣ ድንጋይ ሆኛለሁ።* የዛን ቀን አቁሙ። "ጆሮዬ ዛሬ ደክሟል፣ ዝም ብዬ እህ እህ ከምልሽ ቅዳሜ በደንብ ልስማሽ።"

*ያው ታሪክ ለአንድ ዓመት።* አንዴ ጠይቁ፦ "ካወራነው ውስጥ የቱን ሞከርሽው?" መልስ ከሌለ የጥሪውን ደቂቃ ቀንሱ እንጂ ሰውየውን አትቁረጡ። ታሪኩ ውስጥ ድብደባ ካለ ግን ቀጣዩን አንብቡ።

እዚህ ጋ ከላይ ያሉትን ሁሉ እርሱት

ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ከጠረጠራችሁ ሰዓትም ደቂቃም የለም። በቀጥታ ጠይቁ፦ "ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፣ እንደውም መናገር ያቀላታል። አዎ ካለች አትገሥጹ፣ "ኃጢአት እኮ ነው" ጊዜው አይደለም። ስልኩን አትዝጉ፣ አጠገቧ ሰው እንዲደርስ አድርጉ፣ ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይ፣ መሣሪያ ካጠገቧ ይራቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ፣ ሌላ ቦታ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ ባለ ጭንቀት ጊዜ ሚደወልባቸው መስመሮች አሉ፦ አሜሪካ 988 (ደውላችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ)፣ እስራኤል 1201፣ እንግሊዝ 116 123። "ለማንም እንዳትናገሪ" ብትላችሁም ይሄን ምስጢር አትጠብቁ፣ ትቀየም።

ዐረብ አገር ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ወይ እየተደበደበች ምትደውል እህት ካለች ደግሞ ማጽናናቱ ኋላ ይደርሳል። ስልኩ ሊነጠቅ ስለሚችል መጀመሪያ ሎኬሽኗን፣ የአሠሪዋን ስምና ስልክ፣ የፓስፖርቷን ፎቶ ካላት አስልኩ። ከዛ እዛ አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይ ቆንስላ አናግሩ። ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት ግን "ቢመጡ ይብስብሽ ይሆን?" ብላችሁ እሷን ጠይቁ፣ ሕይወቷ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ በስተቀር።

ራሳችሁ ከታመማችሁ

ስልክ ሲጠራ ልብ መምታት፣ ለሊት እየነቁ የሰው ታሪክ ማብሰልሰል፣ በራስ ልጅ ላይ መነጫነጭ፣ ምግብ ማስጠላት፣ እነዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ የገደብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ንስሐ አባታችሁን፣ ሼኻችሁን ወይ ፓስተራችሁንም ማናገር ጥሩ ነው፣ ግን ከሐኪሙ ጋር እንጂ በሐኪሙ ፋንታ አይደለም።

ከአንድ ወር በኋላ

የዝግጅቱን ሳምንት ወረቀት አውጡና ሦስተኛውን (ከዘጋችሁ በኋላ ምን ሆናችሁ ሚለውን) እንደገና ሙሉት። ድካሙ ከቀነሰ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ። ካልቀነሰ ደቂቃውን ቀንሱ ወይ ምታነሱበትን ሰዓት ቀይሩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አትቀይሩ፣ የቱ እንደሠራ አታውቁማ። እናታችሁን መጨረሻ ላይ አድርጓት። ለሷ ደረጃ 1 ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር አይሆንም፣ "እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ነጻ ነኝ" ብትሏት ስልኩን ዘግታ ለእህታችሁ ነው ምትደውለው፤ በዛ ፈንታ በሳምንት ሁለት ቋሚ ቀን ያዙላትና እሷ ሳትደውል ቀድማችሁ ደውሉ።